ጳጉሜን ስትገባ እናንተም ግቡ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ። ሰላምታዬ ትንሽ ዘገየ። እንግዶቼን ሸኝቼ፣ ጋኑን አጥቤ፣ ቤቱን አደላድዬ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። 34 ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴም የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ጋዜጣችሁን ተካፍለን ነው የምናነበው። እሱ ከስፖርቱ ይጀምራል፤ እኔ ከአንባቢያን ደብዳቤ። የዘመን መለወጫውን ዕትም ሁለታችንም ከዳር እስከ ዳር አነበብነው። የዶሮ ዋጋ አለ። የቅቤና የእንቁላል ዋጋ አለ። የመልካም ምኞት መግለጫ አለ። ደግ ነው፤ ዋጋውን ማወቅ ይጠቅመናል። ስለ ጳጉሜን ግን አንዲት መስመር አጣሁ። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ደስ ያለኝ ነገር ሁሉ የሆነው በጳጉሜን ነው። ስለዚህ ብዕሬን አነሳሁ።

ነገሬ ለልጆቻችን ነው። ከቤት ርቃችሁ የምትሠሩ፣ የዓመት ፈቃድ ያላችሁ፣ ፈቃዳችሁን ለጳጉሜን አስቀምጡ። በዋዜማው ማታ መጥታችሁ መስከረም 2 ጠዋት አትሂዱብን። ጳጉሜን 1 ግቡ።

ለምን እንደምል ከቤቴ ልጀምር።

ሦስት ልጆች አሉን። ታላቋ አዲስ አበባ ናት፤ አግብታ ሁለት ወልዳለች። መካከለኛው ሐዋሳ ነው። ትንሹ ባሕር ዳር ይሠራል። ለብዙ ዓመት እንቁጣጣሽን ያከበርነው እንዲህ ነው። እኔ ከፍልሰታ ፍቺ ጀምሬ ጉድ ጉድ እላለሁ። ጠላው ይጠመቃል፣ ቤቱ ይታጠባል፣ ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ወጡ ይሠራል። በዋዜማው ከምሽቱ 1 ሰዓት ወይም 2 ሰዓት ላይ ልጆቹ ይደርሳሉ። ሁሉም ነገር አልቆ ይጠብቃቸዋል። ይበላሉ፣ ይተኛሉ። በማግሥቱ ቡና ይፈላል፣ ስልክ ይደወላል፣ ዘመድ ይመጣል። ወዲያው የመኪና ሰዓት ይነሳል።

የ2015ን እንቁጣጣሽ አልረሳውም። ታላቋ ልጄ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ገባች። ገበታ አቀረብኩላት። ሁለት ጉርሻ በላችና መደቡ ላይ ጋደም አለች። በዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። ጫማዋን ያወለቅኩላት እኔ ነኝ። ጭቃው ገና እርጥብ ነበር። በማግሥቱ ቤቱ በሰው ተሞላ። መስከረም 2 ንጋት ላይ ተነስታ ሄደች። ከሸኘኋት በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከልጄ ጋር ለብቻችን ስንት ሰዓት አወራን? አንድ ሰዓት አይሞላም።

የዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ባሰ። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች። በዚያ ሰሞን መንገዱ አስጊ ነበር። ማንም አልመጣም። ስልኩም እንደ ልብ አይሠራም ነበር። እኔና ባለቤቴ ስድስቱንም ቀን የቆርቆሮውን ዝናብ ስናዳምጥ ሰነበትን። ዶሮ አንድ ብቻ ሠራሁ። እሱም ተረፈ። ያን ጊዜ ምን ናፈቀኝ መሰላችሁ? ወጥ ቤት ውስጥ የሚንጫጫ ሰው። “ጨው የት ነው?” የሚል ሰው። ማማሰያ የሚያጠፋብኝ ሰው።

ጥፋቱን በልጆቼ ላይ ብቻ አላደርገውም። የእኔም አለበት። “ደክማችሁ ነው የመጣችሁት፣ ምንም እንዳትነኩ” የምለው እኔ ነበርኩ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለዕረፍት ስትመጣ ቢላዋ አላስይዛትም ነበር። በገዛ ቤቷ እንግዳ አደረግኳት። እንግዳ ደግሞ የሚመጣው ምግብ ሲደርስ ነው።

እናም ባለፈው ሐምሌ ደወልኩላት።

“የዓመት ፈቃድሽን ለምን አሰብሽው?”

“ገና አላሰብኩበትም እማዬ። ምነው?”

“ለእኔ ስጪኝ። ለጳጉሜን።”

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ “በጳጉሜን ምን አለ?” አለችኝ።

ይህቺ ጥያቄ ሆዴ ውስጥ ገባች። ጎጃም ተወልዳ፣ ጎጃም አድጋ፣ በጳጉሜን ምን እንዳለ አታውቅም። የሚያሳያት ሰው እኔ ነበርኩ።

የፈቃዱ ነገር እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። በየሁለት ዓመቱ ደግሞ አንድ ቀን ይጨምራል። ጳጉሜን ከዚህ ላይ ቢበዛ 5 ወይም 6 ቀን ብትወስድ ነው። ዘንድሮ ጳጉሜን 1 ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 2 እሑድ ዋለ። መስከረም 1 ሐሙስ ነበር። ልጄ ከሰኞ እስከ ረቡዕ 3 ቀን ወሰደች፤ አርብን ጨመረችበት። በ4 ቀን ፈቃድ 9 ቀን ቤቷ ከረመች። መጀመሪያ ላይ አለቆቿ “የበዓል ሰሞን ሥራ ይበዛል” ብለዋት ነበር። ተለማምጣ አገኘች።

ደመወዝተኛ ሆኖ ለኖረ ሰው ጳጉሜን ሌላም ነገር አላት። የነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ 35 ቀን ይጎተታል። በሥራ ዘመናችን እኔና ባለቤቴ ይህን በደንብ አውቀነዋል። የቤት ኪራይም ቢሆን በ12 ወር ነው የሚታሰበው፤ ለጳጉሜን ለብቻዋ የሚጠይቅ ባለቤት አላጋጠመኝም። ማንም የማይከፈልባት፣ ማንም የማይከፍልባት ወር ናት። ስሟም ከግሪክ የመጣ ነው፤ “ተጨማሪ” ማለት ነው። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸው ነበር። ተጨማሪ የተሰጠ ቀን ለማን እንደሚውል ግን አስቤበት አላውቅም ነበር።

ጳጉሜን 1 ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደረሱ። ልጄ፣ የ8 ዓመቷ የልጅ ልጄና የ4 ዓመቱ ወንድሟ። ባሏ ሥራ ስለነበረው ለዋዜማው ሊመጣ ተነጋግረዋል። ከአዲስ አበባ እኛ ጋ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ ጉሙ ሸፍኗቸው ሹፌሩ ቀስ ብሎ ወረደ አሉኝ። ደጀን እስኪወጡ ድረስ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር። ግን በቀን ብርሃን ነው የተሻገሩት። በዋዜማው ቢሆን ኖሮ ያን በረሃ የሚወርዱት በጥድፊያ፣ ምናልባትም በጨለማ ነበር።

ልጄ ደጃፉ ላይ ቆመች። መጋረጃው ወርዷል። ወንበሮቹ በረንዳ ላይ ተደራርበዋል። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ጋኑ ተደፍቷል።

“እማዬ፣ ምን ሆናችሁ?” አለች። የምሯን ደንግጣ ነው። ቤታችንን የምታውቀው ቄጤማ ተጎዝጉዞበት፣ ዕጣን ጨሶበት ነዋ።

“ምንም አልሆንንም፤ ጳጉሜን ነው። ቦርሳሽን አስቀምጪና ይህን መጋረጃ በዚያ በኩል ያዢልኝ” አልኳት።

ያዘችልኝ። ሁለታችን ጨምቀን አሰጣነው። በክረምት መጋረጃ ቶሎ አይደርቅም። አምስቱንም ቀን ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር ስናወጣ፣ ዝናብ ጠብ ባለ ቁጥር ስናስገባ ከረምን። ትንሹ ልጅ ይህ ሥራው ሆነ። ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ “ሊዘንብ ነው!” ይላል። ሁላችንም እንሮጣለን።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወደ ጋኑ ገባን። ጥንስሱን የጣልኩት ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው። ድፍድፉ ደርሷል። የቀረው በውሃ ማቅጠኑ ነው። ለዚህ የሚሆነው ጋን መታጠብና መታጠን አለበት። የልጅ ልጄን ከጓሮ ግራዋ ቁረጪ አልኳት። የትኛው እንደሆነ አታውቅም። አሳየኋት። አንዲት ቅጠል ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። “መራራ ነው እኮ!” አለች። “ለዚህ ነው የሚያጸዳው” አልኳት።

የጋኑ አፍ ለእኔ ክንድ ጠበብ ይላል። እሷ እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ብብቷ አስገባች። ቅጠሉን ጨብጣ ሆዱን ዙሪያውን ፈተገችው። አረንጓዴ ውሃ ወጣ። ደገመችው። በሦስተኛው ጥርት አለ። ከዚያ የወይራ ፍልጥ ፍም ላይ አደረግንና ጋኑን ደፋንበት። ጭሱ ከሥሩ ቀስ እያለ ያፈተልካል። ዐይናችንን እየጠረግን ጠበቅን። ጋኑን ቀና ስናደርገው ከአፉ ነጭ ጭስ ተጥመለመለ። ጢሱ ሳለ አፉን ከደንነው። ሲበርድ የልጅ ልጄ ከፈተችና አፏን ወደ ጋኑ አስጠግታ ስሟን ጠራች። ጋኑ በወፍራም ድምፅ መለሰላት። ደግማ ጠራች። መለሰላት። ሮጣ ወንድሟን አመጣችው። “ና ስማ፣ ውስጥ ሰው አለ” አለችው።

ያን ቀን ስልክ ስጡኝ አላለችም። እኔም አላስታወስኳት።

ልጄ አጠገባችን ቆማ ታይ ነበር። “እኔ ይህን ሠርቼ አላውቅም፣ አይደል እማዬ?” አለች። አላሠራኋትም። እውነቱን ነገርኳት።

ማታ መብራት ጠፋ። ራታችንን በሻማ በላን። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ደመና ለብሶ ነው የዋለው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ባለቤቴ ከደጅ ተጣራ። “ኑ ውጡ! ልጆቹንም አምጧቸው!” አለ። ብርድ ልብስ ጣል አድርገንባቸው ወጣን። ደመናው በምሥራቅ በኩል ተከፍቷል። ጨረቃ ቀልታለች። አመድ የሸፈነው ፍም ትመስላለች። ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ነው። “እግዚኦ” የሚለውም አለ፤ በስልክ ፎቶ የሚያነሳውም አለ። መንገዱ ላይ መብራት ስለሌለ ይበልጥ ታየችን።

የልጅ ልጄ “ማን ነው ያቀላት?” አለች። ባለቤቴ ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲመልስ የኖረ ሰው ነው። ፊቱ በራ። ወደ ቤት አስገብቶ ጠረጴዛው ላይ ሻማ አቆመ። ከቅርጫት ድንች አነሳ። ከመደርደሪያ ሎሚ አመጣ። ሻማው ፀሐይ፣ ድንቹ መሬት፣ ሎሚው ጨረቃ። ድንቹን በሻማውና በሎሚው መካከል አደረገው። ጥላው ሎሚው ላይ ወደቀ። “አየሽ? መሬት መሃል ገብታ ነው። የፀሐይ ብርሃን በመሬት አየር ዳር ዳር ሲያልፍ ቀዩ ብቻ ይተርፋል። እሱ ነው ጨረቃ ላይ የሚያርፈው።” ድንቹን ተቀበለችው። ራሷ አደረገችው። ደግማ አደረገችው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ሲያስተምር አላየሁትም ነበር። በዋዜማው ቢመጡ ኖሮ ይህቺ ማታ አልፋቸው ነበር። ጨረቃ መስከረም 1ን አትጠብቅም።

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። ርኅወተ ሰማይ ይሉታል፤ ሰማይ የሚከፈትበት ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው። እናቴ ዕቃ አውጥታ ደጅ ታስቀምጥ ነበር። የሞላላትን ውሃ ጠብ ጠብ አድርጋ ቡኾው ላይ ትጨምራለች። እኛን ልጆቿን ደግሞ ልብሳችንን አስወልቃ ዝናቡ ላይ ታወጣናለች። ብርዱን አሁንም ጀርባዬ ላይ አስታውሰዋለሁ። ጩኸታችንንም።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወረደ። የእኛን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ሲጀምር አይለማመጥም። ጎድጓዳውን ሳህን አውጥቼ ግቢው መሃል አስቀመጥኩ። ትንሹ ልጅ የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ ያያል። “ዝናብ እንዳይመታህ” እየተባለ ነው ያደገው። አሁን እንዴት ውጣ ይባላል?

“ጉንፋን ይይዘዋል እማዬ” አለች ልጄ።

አልተከራከርኳትም። ነጠላዬን በርጩማው ላይ አስቀመጥኩና ራሴ ወጣሁ። ባለቤቴ ተከተለኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ወደ ሰማይ አቀና። ከዚያ የልጅ ልጄ እየጮኸች ወጣች። ልጄ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆየች። ጫማዋን አወለቀች። ካልሲዋንም። ልጇን በካናቴራ ብቻ አቅፋ ወጣች። ውሃው ሲነካው ትንፋሹን ዋጠ። ሊያለቅስ አፉን ከፈተ። ዝናቡ አፉ ውስጥ ገባ። ሳቀ። ከዚያ በኋላ ማስገባቱ ነው ያቃተን።

በብርድ ልብስ ጠቅልለን እሳት ዳር አስቀመጥናቸው። እሸት በቆሎ ጠበስን። ለሁለት እየሰበርን በላን። ጉንፋን የያዘው የለም። ሳህኑ ግማሽ ድረስ ሞልቶ አገኘሁት። ለድፎው ቡኾ ከእሱ ጠብ አደረግኩ፤ የቀረውን በጠርሙስ ቀድቼ አስቀመጥኩ።

ጳጉሜን 4 የሕዳሴው ግድብ የተመረቀበት ቀን ነው። ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልተነሳም። እሱ የደጀን ልጅ ነው። በልጅነቱ ዓባይን የሚያውቀው ከብት ሲወስድ፣ ሰው ሲወስድ፣ አፈር ሲወስድ ነው። “ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል” እየተባለ አደገ። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል ሁለታችንም በሥራ ላይ ነበርን። የአንድ የአንድ ወር ደመወዛችንን ቦንድ ገዛንበት። ያ ዓመት ጠበብ ብሎን ነበር፤ ታላቋም ያን ጊዜ ተማሪ ነበረች። አሁን 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል የልጅ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያያል። “ይህ ውሃ በእኛ በኩል አልፎ ነው የሄደው” ይላታል። ደጋግሞ ይላታል።

እኔና ልጄ በዚያው ክፍል፣ ከበስተኋላው፣ ነጭ ሽንኩርት እንልጣለን። አንድ ሰፌድ ለሁለታችን፤ ጉልበታችን ላይ አጋድመነዋል። ነጭ ሽንኩርት መላጥ የሚያጣድፍ ሥራ አይደለም። እጅ ይያዛል፣ ዐይን ያቀረቅራል፣ አፍ ነፃ ይሆናል። መጀመሪያ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን። ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት አወራን። ከዚያ ዝም አልን። ከዚያ አንድ ነገር ነገረችኝ።

ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም። የእሷ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ “ደህና ነኝ እማዬ” ስትለኝ ከሥሩ የነበረ ነገር ነው። ቀና ብላ አላየችኝም። አንዷን ፍሬ ልጣ ጨርሳ እንኳን መላጧን አላቆመችም። ቀጭኗን ሽፋን በጥፍሯ እየያዘች፣ እየያዘች። እኔም እጄን አላቆምኩም። ካቆምኩ ታቆማለች ብዬ ፈራሁ። ስትጨርስ ሰፌዱ ላይ የቀረ ያልተላጠ አልነበረም። ተነስቼ ከቋት ሌላ እፍኝ አመጣሁ። ለወጡ አያስፈልግም ነበር። እሷም አውቃለች። አብረን ላጥነው።

ስለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው። ልጆቻችን የልባቸውን በዋዜማው ማታ አይነግሩንም። በበዓሉ ቀን ሰው ፊትም አይነግሩንም። እንዲነግሩን ሰፌድ መካከላችን መኖር አለበት። ጊዜም።

በአምስተኛው ቀን ዶሮ ነው። ባለቤቴ አረደ። ልጄ ብልት ማውጣቱን ተማረች። አሥራ ሁለቱንም። ፈረሰኛውን አበላሸችው፤ በሁለተኛው ዶሮ አስተካከለችው። ሽንኩርቱን ተረዳድተን ከትፈን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጣድነው። ውሃውን እስኪጨርስ በደረቁ ማማሰል ነው፤ ዘይት አይቸኮልበትም። ማማሰያውን ተቀባበልን። የልጅ ልጄ በርጩማ ላይ ቆማ ተራዋን ጠበቀች። በዚህ መሃል ሹሩባ ሠራኋት። ጭንቅላቷን አላጋደለችም ብዬ ስቆጣት፣ ልጄ “እኔንም እንዲሁ ነበር የምትቆጪኝ” አለች። አስታወሰች ማለት ነው።

ሲመሽ አማቼና ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ገቡ። የደከሙ፣ ጭቃ የረገጡ፣ ስልካቸው ባትሪ የጨረሰ። ልጄ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸንፍጣ ደጃፉ ላይ ተቀበለቻቸው። “ጫማ እዚያ፤ እጅ ታጠቡና ግቡ” አለች። ባሏ ገርሞት አያት። መካከለኛው ልጄ ወደ እኔ ዞሮ “የቤቱ እመቤት ማን ናት አሁን?” አለኝ። ችቦውን ግቢው ውስጥ አበራን። የሰፈሩ ልጆች መጡ። ትንሹ ልጅ ጭራሮ አስይዙኝ ብሎ አለቀሰ፤ አያቱ እጁን ደርቦ አስያዘው።

ስለ መስከረም 1 ብዙ የምለው የለኝም። ደስ የሚል በዓል ነበር። ሴቶቹ ልጆች አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ሲመጡ የልጅ ልጄ አብራቸው ዞረች። የዘመነ ማርቆስ መግቢያ በመሆኑ ለደብረ ማርቆስ ሰው ተጨማሪ ደስታ አለው። ወጡን ሁሉም አመሰገነ። ልጄ “እኔ ነኝ የሠራሁት” አላለችም። ግን ሰው ሲጎርስ ፊቱን ታይ ነበር።

አሁን ሁሉም ሰው ይህን ማድረግ እንደማይችል አውቃለሁ። አንዲት ጎረቤቴ ልጇ ሹፌር ነው። “የእኔ ልጅ በጳጉሜን የሌላውን ሰው ልጅ ሲያደርስ ነው የሚውለው” አለችኝ። እውነቷን ነው። ነርሱም፣ ነጋዴውም፣ ጥበቃውም እንዲሁ ናቸው። ለእነሱ ጳጉሜን የሥራ ጣራ ነው። መንገዱም አለ። ሰላም ውሎ ሰላም ካላደረ ማንም እናት ልጇን ተነሺ አትልም። እኔም አልልም። ስድስት ቀን ብቻዬን ከርሜ አውቀዋለሁ። የምለው ለሚችሉት ነው። ፈቃዳቸውን በየወሩ አንድ አንድ ቀን እየሸረፉ ለጉዳይ ለሚጨርሱት።

አሠሪዎችንም አንድ ነገር ልለምን። ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሂድ አልልም። በየተራ ይሁን። ዘንድሮ አንዱ፣ ለከርሞ ሌላው። በጳጉሜን ከቤተሰቡ ጋር የከረመ ሰው መስከረም ላይ ፊቱ ሌላ ነው። የልጄ የሥራ ጓደኞች እንዲህ አሏት፤ እኔ ከራሴ አልጨመርኩም።

እናቶች ደግሞ እባካችሁ ሥራውን ጨርሳችሁ አትጠብቁ። እንደ እኔ አትሁኑ። መጋረጃ አስቀሩላቸው። ጋን አስቀሩላቸው። ነጭ ሽንኩርት አስቀሩላቸው። አበላሽተው ይሥሩት። አባቶችም ብትሆኑ የልጅ ልጆቻችሁ የሚጠይቁትን ጥያቄ የምትመልሱበት ቀን ይኑራችሁ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ያለኝ ልመና አጭር ነው። ለከርሞ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ሰው ፈቃድ ሳይሞላ፣ ስለ ጳጉሜን አንድ ገጽ አውጡልን። አንባቢያን በየቤታቸው በእነዚያ ቀኖች ምን እንደሚያደርጉ ይጻፉላችሁ። የቢቸናው የራሱ አለው፣ የዳንግላው የራሱ አለው፣ የሞጣውም እንዲሁ። የዶሮውን ዋጋ ከጎኑ አድርጉት፤ እሱንም እንፈልገዋለን።

የዘንድሮው ዓመት መጨረሻ ጳጉሜን 5 ቀን ናት። በ2019 መጨረሻ ግን ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ 6 ትሆናለች። ይህን በቀን መቁጠሪያው ላይ ለልጆቼ አሳየኋቸው። መካከለኛው ልጄ እኔም እመጣለሁ ብሏል። ትንሹ ጠላውን እኔ ላቅጥን ብሏል። ታላቋ የከርሞውን ፈቃድ ከአሁኑ በጽሑፍ ጠይቃለች።

የልጅ ልጄ ባለፈው እሑድ ደወለች። ትምህርት ቤት መከፈቱን ነገረችኝ። ለክፍል ጓደኞቿ በድንችና በሎሚ አሳይታቸዋለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “እማማ፣ ጋኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ደህና ነው?” አለችኝ። ጋኑን በረንዳው ላይ ደፍቼዋለሁ። ሄድኩና ቀና አድርጌ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋሁላት። ስሟን ጠራች።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የጡረታ መምህርት
ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.